ከጋዋኑ በኋላ፦ ማስተርስ ወይስ የራስ ሥራ?

በየዓመቱ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የፎቶ ቤቶች መስታወት ጋዋን በለበሱ ልጆች ይሞላል። የምረቃው ድንኳን ሳይነሳም ዘመድ አዝማድ አንድ ነገር መጠየቅ ይጀምራል፤ «ቀጥሎስ ምን አሰብክ?» በደርግ ዘመን የተመረቀ ሰው ይህ ጥያቄ አያስጨንቀውም ነበር። የሚመድበው መንግሥት ነበርና ዕጣው ጎሬም ይውጣ አሰላ ሻንጣውን አንስቶ ይሄዳል። ዛሬ መንግሥት የሚቀጥረው ከሚመረቀው ጥቂቱን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሰው ኃይልና የፍልሰት ጥናት የከተማውን ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ አድርሶት ነበር። ስለዚህ ተመራቂው በሁለት ምክሮች መካከል ይቆማል። አንዱ «ማስተርስህን ጨርስ፣ በአንድ ዲግሪ ማን ይቀጥርሃል» ይለዋል። ሌላው «ትምህርቱ ይበቃል፣ የራስህን ሥራ ጀምር» ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚመክሩት፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሱት ከሚያውቁት አንድ የተሳካለት ሰው ነው።

የራሴን አቋም ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ጉዳይ የተጠናውንም በየሰፈሩ የሚታየውንም ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ቅደም ተከተሉ ከምርጫው ይበልጣል የሚል ነው። ለአብዛኛው ተመራቂ ማስተርሱም ሆነ የራስ ሥራው ጥቂት ዓመት ተቀጥሮ ሙያውን ከውስጥ ካየ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። ይህ መንገድ በክርክሩ ውስጥ ስሙ እንኳን አይነሳም።

መጀመሪያ ማስተርሱን እንየው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ቢሆንም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1970ዎቹ መግቢያ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛ ዲግሪ የሚገኘው ውጭ አገር ተሂዶ ነበር። ይዞት የሚመለሰው ሰው ጥቂት ስለሆነ ወይ መምሪያ ኃላፊ ወይ መምህር ይሆናል። ወላጆች ስለ ማስተርስ ያላቸው ግምት የተሠራው በዚያ ዘመን ነው። አሁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻቸውን ከ40 በላይ ናቸው፤ የግሎቹ ደግሞ በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በርቀት ያስተምራሉ። ኤም ቢ ኤ ያለው ሰው በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ከመስኮት መስኮት ይገኛል። ወረቀቱ ያው ነው፤ በገበያው ላይ ያለው ዋጋ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ኢኮኖሚስቶች በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አላቸው። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ትምህርት የሰውን የማምረት አቅም ይጨምራል፣ ደመወዙም ከዚያ ይመጣል አለ። ማይክል ስፔንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ዲግሪ በከፊል ምልክት ነው ሲል ጻፈ፤ ቀጣሪው የአመልካቹን ችሎታ ማየት ስለማይችል ወረቀቱን አይቶ ይገምታል። ሁለቱም ኋላ በኖቤል ሽልማት ተከብረዋል። ለእኛ ተመራቂ የስፔንስ ሐሳብ የበለጠ ይመለከተዋል ብዬ አምናለሁ። ምልክት የሚሠራው ሁሉም ሰው እስካልያዘው ድረስ ነውና።

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ የጋዜጦችን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ይግለጥ። በተለይ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሚያወጡት ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ ሁለተኛ ዲግሪና የ4 ዓመት ልምድ፣ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና የ6 ዓመት ልምድ። ቀጣሪው ራሱ ማስተርሱን በሁለት ዓመት ሥራ መንዝሮ አስቀምጦታል። ሁለቱን ዓመት የሠራው ሰው ደመወዝ እየበላ ቆየ፤ የተማረው ሰው እየከፈለ ቆየ። በማስታወቂያው ላይ እኩል ናቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ከመጣ ወዲህ ደመወዝ የሚከተለው የሥራ መደቡን ነው። መደቡ ካልጠየቀው ማስተርሱ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

የትምህርት ትርፍን በየአገሩ ያሰሉት ጆርጅ ሳካሮፖሎስና ባልደረባው ሃሪ ፓትሪኖስ በዓለም ዙሪያ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ገቢን በአማካይ 9 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ትርፍ ከዓለም አማካይ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ይዞ «እንግዲህ ማስተርስ ያዋጣል» ማለት ግን ያስቸግራል። ስሌቱ የሚሠራው ገቢ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ሥራ ፈላጊው ማስተርስ ያዥ በአማካዩ ውስጥ የለም። ደግሞም በስሌቱ ውስጥ ያለው ትውልድ የተማረው ዲግሪ ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው።

ስለ ማስተርስ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ ስለ እሱ በግልጽ አይወራም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ሥራ አጥ ወጣቶች መካከል ቆይቶ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ ያያቸው ልጆች ሥራ ሲገኝም ዝቅ ያለ መስሎ ከታያቸው አይገቡበትም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ይሉኝታ ከገንዘቡ ይበልጥ ይይዛቸው ነበር። ዛሬ ማስተርስ ለብዙ ተመራቂ ከዚህ ይሉኝታ መሸሸጊያ ሆኗል። «ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» ከመባል «እየተማረ ነው» መባል ለልጁም ለእናቱም ይቀላል። ችግሩ ሁለት ዓመት ሲያልቅ ነው። ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ልጁ ዕድሜ ጨምሯል፣ ክፍያ አውጥቷል፣ የሥራ ልምዱ ግን ያው ባዶ ነው። እንዲህ የገባ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲፈልግ ይታወቃል። የራሱ የሆነ ጥያቄ ስለሌለው ያገኘውን ይወስዳል፤ ብሶበትም በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ በየኮምፒውተር ቤቱ ጽፎ የሚሸጥለት ሰው ይፈልጋል። በዚህ መንገድ የሚጠፋው የልጁ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የአማካሪው መምህር ጊዜ፣ የእውነተኛ ተመራማሪው ወንበርም አብሮ ይጠፋል።

መግቢያው ራሱም ጠብቋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለሁለተኛ ዲግሪ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና መጥቷል። የወጪ መጋራቱም አለ፤ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ዕዳው መከፈል አለበት፤ በብዙ ልጆች እጅ ላይ ያለው ጊዜያዊው ማስረጃ ብቻ ነው።

ውጭ አገር በስኮላርሺፕ መማርስ? ይህ ፍጹም ሌላ ነገር ነው፤ ሙሉ ወጪ ሲሸፈን የገንዘቡ ክርክር ይቀራል። እዚህ ላይ ግን ተመራቂዎች ሳያውቁት የሚያልፋቸው ነገር አለ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የጀርመኑ ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች ያዘጋጃቸው የማስተርስ ትምህርቶችም ቢያንስ ሁለት ዓመት መሥራትን ይጠይቃሉ፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪው ከተያዘ ከስድስት ዓመት በላይ ባይሆነው ይመርጣሉ። ኢራስመስ ሙንዱስ ልምድ ሳይኖርም ይቀበላል። እንግዲህ ሐምሌ ላይ ተመርቆ መስከረም ላይ አገር ውስጥ በክፍያ የሚመዘገብ ልጅ ሥራ ላይ ቢቆይ በነጻ ሊከፈቱለት የሚችሉ በሮች አሉ። በሩ የሚከፈተው ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ነው፤ ከስድስተኛው በኋላ ደግሞ ይጠባል።

አሁን ወደ ንግዱ። ስለ ራስ ሥራ የሚነገረው በአብዛኛው የድል ታሪክ ነው፤ እኔም አንዱን እጠቅሳለሁ። ቤተልሔም ጥላሁን አካውንቲንግ ተምራ ሶልሬብልስን የመሠረተችው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ባደገችበት በዘነበወርቅ ነው። ከጎማ በተሠራ ሶልና በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ ጫማ ዓለም ገበያ አስገባች። ማስተርስ አልጠበቀችም። ነገር ግን ከባዶ አልተነሳችም፤ ፈታዩንና ሸማኔውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ በረባሶ እንዴት እንደሚሠራም አይታለች። ታሪኳን የሚጠቅስ ሰው ይህን ክፍል ቢዘልለው ምክሩ ጎደሎ ይሆናል።

ከድል ታሪክ ይልቅ የሚረዳን በአገራችን የተሠራ አንድ ጥናት ነው። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ፋብሪካዎች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶችን በዕጣ ከፈሏቸው። ከፊሉ የፋብሪካ ሥራ አገኙ፤ ከፊሉ 300 ዶላር የሚያህል መነሻ ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና አገኙ፤ የቀሩት ምንም አላገኙም። ከዓመት በኋላ መነሻ ገንዘብ ያገኙት ገቢያቸው 33 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ፋብሪካ የገቡት ገቢ አልጨመረም፤ ከሦስቱ አንዱ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቀዋል። እስከዚህ ድረስ ንግዱ አሸናፊ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ በአምስተኛው ዓመት ሲመለሱ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። በእርግጥ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አይደሉም፤ ያም ሆኖ ትምህርቱ ለሁላችንም ነው። መነሻ ገንዘብ ያስነሳል፤ ማቆየት ሌላ አቅም ይፈልጋል።

ያ ሌላ አቅም ምን እንደሆነ በዶሮ እርባታ ላሳይ፤ ተመራቂዎች በብዛት የሚገቡበት ሥራ ነውና። ልጁ ሰኔ ላይ ይመረቃል። ክረምቱን ቦታ ሲፈልግ፣ ፈቃድ ሲያወጣ፣ ብድር ሲያመለክት ይከርማል። መስከረም መጨረሻ 500 የአንድ ቀን ጫጩት ያስገባል። የእንቁላል ዶሮ መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። እስከዚያ መኖ፣ የፈንግል ክትባት፣ መብራት፣ የዘበኛ ደመወዝ ይወጣል፤ የሚገባ ብር የለም። አምስቱ ወር ሲያልቅ የካቲት መጨረሻ ነው። ዶሮዎቹ መጣል ጀመሩ፤ አገሩ ግን ዐቢይ ጾም ውስጥ ገብቷል። አንዲት ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ 500 ዶሮ በቀን 55 ኪሎ ማለት ነው። በጾሙ 55 ቀናት 30 ኩንታል ያልቃል። ሰው ይጾማል፣ ዶሮ አትጾምም። ሆቴል፣ ዳቦ ቤትና የማይጾም ደንበኛ አስቀድሞ ያልያዘ ልጅ እንቁላሉን በወረደ ዋጋ ይጥለዋል፤ ወይም ለመኖ ብሎ ዶሮዎቹን ለፋሲካ አርዶ ይሸጣል። በዚያው ሥራው ያበቃል። በዘርፉ የቆየ ሰው ጫጩቱን ኅዳር መጨረሻ ያስገባ ነበር፤ መጣል የሚጀምሩት ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን። ይህ በየትኛውም የቢዝነስ ፕላን ኮርስ ላይ አልተጻፈም፤ በአንድ እርባታ ውስጥ ዓመት የሠራ ልጅ ግን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

በሩቅ አገር የተሠራ ጥናትም ይህንኑ ይላል። ፒየር አዙሌይና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በፍጥነት ያደጉ አዳዲስ ድርጅቶችን መሥራቾች ሲመረምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘርፍ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሠሩት ምንም ልምድ ከሌላቸው ይልቅ የመሳካት ዕድላቸው 85 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከዶርም ወጥቶ ሚሊየነር የሆነው ልጅ በፊልም ስለሚታይ ነው የምናስታውሰው።

የገንዘብ ነገር የብዙ ሰው እሮሮ ነው፤ ትክክልም ነው። ባንክ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይላል፤ የ23 ዓመት ልጅ ሁለቱም የለውም። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመድቦ በማይክሮፋይናንሶች በኩል ለብድር ውሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል፤ ማሽንም ከብትም በሕግ መያዣ ሊሆን ይችላል። የልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ማሽን እየገዛ ያከራያል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ በተባለው አገልግሎቱ ያለ መያዣ በስልክ ያበድራል። የተመራቂ መነሻ ገንዘብ ግን አሁንም በአብዛኛው ከዕቁብ፣ ከአጎት፣ ወይም ዓረብ አገር ከምትሠራ እህት ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው። እህት በሰው ቤት እንጀራ ያጠራቀመችውን ብር ተቀብሎ ያለ ልምድ ገበያ መግባት በራስ ዕዳ ከመክሰር ይብሳል። ባንክ ቢከስር ወለድ ይቆጥራል፤ እህት ብትከስር የምትቆጥረው የጠፋ ወጣትነቷን ነው። ይህን ገንዘብ የሚቀበል ልጅ ቢያንስ ሥራውን አስቀድሞ በደንብ እንዲያውቀው እጠይቃለሁ።

በሕግ በኩል ነገሩ ተሻሽሏል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በ1952ቱ ሕግ ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበርና ብዙዎች የማይሠራ ዘመድ በስም ያስገቡ ነበር። አሁን ሥራው ቢከስር ዕዳው በማኅበሩ ሀብት ይወሰናል፤ በግል ነጋዴነት የተመዘገበ ግን እስከ ቤቱ ዕቃ ይጠየቃል። ለጀማሪ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

መጀመሪያ ማስተርስ የሚገባው ሰው የለም ወይ? አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ሌክቸረር ለመባል ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ለማስተማር የተጠራ ሰው ጊዜ ባያጠፋ ይሻለዋል። የሳይንስ ሰዎችም እንዲሁ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከዓለማያ ኮሌጅ ተመርቀው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክትሬት ተማሩ። ከዚያ ለሱዳን ያወጡት ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ይህ በሱቅ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ደግሞ የሁለቱን መንገዶች መራራቅ ያሳያል፤ ባነሳሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ይኸው ቀንድ አውጣ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓመታት ደክመው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሐይቆች ላይ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል እንዶድ እንደሚገድል ሲታወቅ ፓተንቱ የወጣው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ምርምሩ እዚህ ነበረ፣ ተክሉ እዚህ ነበረ፤ ወደ ምርት የሚለውጠው ነጋዴና ሕግ አዋቂ ግን በአጠገባቸው አልነበረም። ጤፍም በሆላንድ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል፤ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ተመራማሪና ነጋዴ ተለያይተው እስካደጉ ድረስ ይህ ይደጋገማል ብዬ እሰጋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ያስኬደ ሰው ስናይ ውጤቱ ይታያል። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በስታንፎርድ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት መሪው እሳቸው ሆኑ፤ ኋላም ጀማሪ ድርጅቶችን የሚደግፈውን ብሉሙን መሠረቱ።

«ሁለቱንም አብሬ አስኬዳለሁ» የሚል ብዙ ነው። ለደመወዝተኛ ይቻላል። ለነጋዴ ግን የቅዳሜና እሑዱ ክፍል የሚውለው ሱቅ ገበያ በሚያገኝባቸው ቀናት ነው። አንዱ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቶሎ የማይጮኸው ትምህርቱ ነው።

የቤተሰብ ሁኔታም ሊዘለል አይገባም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ታናናሾቹን የሚያስተምር የበኩር ልጅ ይህችን ትቶ ለሁለት ዓመት ያለ ገቢ ይማር ወይም አምስት ወር ጫጩት ይመግብ ማለት ጭካኔ ነው። ለእሱ በሙያው መቀጠር ከሁለቱም ይቀድማል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ቤተሰቡ ስለ ትዳር የሚቆጥርባት ዓመት ተጨማሪ ጫና ነው፤ ለእሷ ስኮላርሺፑ አንዳንዴ ከዚያ ጫና መውጫም ይሆናል።

ንግድ ሞክሮ ወደ ትምህርት ለሚመለስ አንድ ተግባራዊ ነገር ልናገር፤ ብዙ ልጆች የሚጎዱበት ነውና። ሥራው ሲቆም በሩን ዘግቶ መሄድ አይበቃም። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል፤ ካልታደሰ ቅጣት ይመጣል፤ ካልተመለሰ ደግሞ ገቢዎች ነጋዴ ነህ ብሎ ግብር ማስላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ስኮላርሺፑ ሲመጣ ቪዛው ከመጠየቁ በፊት ሒሳቡን ማሳወቅ፣ ክሊራንስ መውሰድ፣ ፈቃዱን መመለስና ደረሰኙን ቤተሰብ ዘንድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጀመር ይሻላል፤ ራሱ መጨረስ ያልቻለም ለሚያምነው ሰው ውክልና ሰጥቶ ይሂድ።